ሲፈተሽ የሚሠራው ፍሬን

መርማሪዋ ስትደርስ ሰማያዊዋ የልብስ ማጠቢያ ቤት መኪና ግማሽ አካሏን ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ከትታ ቆማለች። አንዱ የፊት መብራቷ ረግፏል፤ በሌላው ላይ የሙሽራ ቬሎ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከተሰባበረው መስታወት በላይ «ሙሉ ልብስ በልክዎ እንሰፋለን» የሚለው ማስታወቂያ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ረጅሙ ቁልቁለት የሚያልቀው እዚህ ነው።

«የሞተ የለም፣ ኢንስፔክተር» አላት ትራፊኩ ገና ከመኪና ሳትወርድ። መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን እንደሆነ አብረው በሠሩባቸው ዓመታት ለምዶታል።

«ልጅስ?»

«ልጅም የለም። ልብስ ሰፊው የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ሾፌሩ ግንባሩ ላይ ትንሽ ተጭሯል። በቃ።»

መርማሪዋ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ የመኪና አደጋ በተባለ ቁጥር የልጆቿን የትምህርት ቤት መንገድ በሐሳቧ አንድ ዙር ሳትዞር ሥራ አትጀምርም። ዞረችው። በዚህ በኩል አያልፉም።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ? ይሄ ያንተ ሥራ አይደል?»

«ሾፌሩ ፍሬን በጠሰብኝ ይላል።»

«እና?»

«እና ፍሬኑ ይሠራል። ይግቡና ራስዎ ይርገጡት።»

ገባች። ረገጠችው። ፔዳሉ ገና ግማሽ ሳይወርድ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፤ ሦስቴም ያው ነው። ከተሰበሰበው ሰው አምስት ጎረምሳ ጠርታ ከኋላ እንዲጎትቱ አደረገች። እነሱ ፊታቸው እስኪቀላ ሳቡ፤ እሷ በጫማዋ ጫፍ ያዘቻት። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ ያለው ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የተሰበረ እጁን በሱፍ ጨርቅ ቁራጭ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እንዳያት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሊገድለኝ ነው የመጣው! ጻፊው እህቴ፣ ሊገድለኝ ነው!»

«ይተዋወቃሉ?»

«መተዋወቅ? እህቴን ያገባ ሰው ነው!»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ጣልቃ ገባ። «ሁለት ዓመት ሆናቸው ከተኮራረፉ። ሾፌሩ ልጁን ሲድር የለበሰውን ሙሉ ልብስ የሰፋለት እሱ ነበር። ሰውየው ሲጨፍር ሱሪው ከኋላ ጠረረር ብሎ ተቀደደ።»

«በልቶ በልቶ ነው!» አለ ልብስ ሰፊው። «ለክቼ ስሰፋለት ሌላ ሰው ነበር። በሰርጉ ቀን የመጣው ሌላ ሰው ነው። የኔ ስፌት በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ተተርትሮ አያውቅም!»

«ያም ሆነ ይህ፣ ሾፌሩ በሰው ፊት አዋረድከኝ ብሎ ዛተ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «‹ይህን ቀን ሳላስከፍልህ ብቀር› አለው። እኔ ሰምቻለሁ፤ ሰርገኛው በሙሉ ሰምቷል።»

የከበበው ሰው ሳቀ። መርማሪዋ ሳቋን ውጣ ጻፈች።

ከዚያ ቁልቁለቱን ወደ ላይ በእግሯ ወጣች። ከሱቁ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ አስፋልቱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይጀምራሉ። የኋላ ጎማ ነው፤ ሰውየው የእጅ ፍሬን ስቧል። መኪና ሆን ብሎ ሰው ላይ የሚነዳ ሰው ምን ብሎ የእጅ ፍሬን ይስባል? ደስ አላት። ግን መስመሮቹን ተከትላ ስትወርድ ደስታዋ ቀዘቀዘ። መስመሮቹ ታች ሲደርሱ ወደ ቀኝ፣ ቀጥታ ወደ ሱቁ ታጥፈዋል። መንገዱ ወደ ግራ ይቀጥላል፤ ሰፊ ነው፤ ባዶ ነው፤ ከዚያም አልፎ አቀበት ይሆናል።

«አዩት?» አለ ትራፊኩ ከኋላዋ። «መንገዱን ተከትሎ ወደ ግራ ቢሄድ ኖሮ አቀበቱ ቀስ አድርጎ ያቆመው ነበር። ማንንም ሳይነካ። እሱ ግን ወደ ቀኝ አዞረ።»

---

ሾፌሩ በጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ ተቀምጧል። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ወንበሩ ከሥሩ አይታይም። ግንባሩ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ማድረቂያው ማሽን ስለተበላሸ አንሶላውን እርጥቡን ጫንኩት። ከባድ ነው እርጥብ አንሶላ። ሁልጊዜ የምመላለሰው በታችኛው መንገድ ነው፤ ዛሬ ለቧንቧ ተቆፍሮ ተዘጋ። በቁልቁለቱ መጣሁ።»

«እሺ።»

«ከፊቴ ጋሪ አለ። ቀስ እያለ ይወርዳል። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ይዤ ነው የወረድኩት። መጀመሪያ ጥሩ ይይዛል። ግማሽ ላይ ስደርስ ለሰለሰብኝ። ጋሪው ወደ ዳር ወጣልኝ፣ አለፍኩት፤ ደግሜ ስረግጠው ፔዳሉ ጨርቅ ሆነ። እስከ ወለሉ ገባ። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ።»

«አሁን ግን ይሠራል። እኔ ራሴ ረግጬዋለሁ።»

«እንዴት ይሆናል? ወለል ነክቷል እኮ!»

«ይሠራል፣ ጋሼ።»

ሾፌሩ ኮፍያውን ማሻሸት ተወ። የሚዋሽ ሰው እንዲህ ሲባል ሰበብ ያመጣል፤ መርማሪዋ ብዙ ሰበብ ሰምታለች። ይሄ ሰውዬ ግን እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያያታል።

«መሪውን ለምን ወደ ቀኝ አዞሩ?»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ደፋ።

«ወደ ግራ ቢሄዱ አቀበቱ ያቆምዎት ነበር።»

«እሱን ተይው።»

«ልተወው አልችልም።»

«እንግዲያው እኔ ልተወው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

አለቃዋ መዝገቡን ቆሞ አነበበው። «ዛቻ አለ፤ ምስክር አለ። ፍሬኑ ይሠራል፤ መሪው ዞሯል። ምን ቀረሽ?»

«የእጅ ፍሬኑ።»

«መጨረሻ ላይ ፈርቶ ይሆናል። እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ሌላ ነገር ካላመጣሽ በመግደል ሙከራ ይከሰሳል።»

ከቢሮው ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት የተተኮሱ ሸሚዞች ክንዷ ላይ ደርድራ ቆማለች። እጆቿ በሳሙና ብዛት ነጣ ብለዋል። የሾፌሩ ሚስት ናት፤ በዚያው ማጠቢያ ቤት የእጥበቱ ኃላፊ። የልብስ ሰፊው እህት።

«አንዱ ባሌ ነው፣ አንዱ ወንድሜ» አለች። «ሸሚዙን ለማን ልስጥ? አንዱ ጋ ስሄድ አንዱ ይቀየመኛል። የኔ እህት፣ እሱ እኮ ዝንብ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።»

«መኪናዋን ማን ይነካታል?»

«ማን ሊነካት! ማታ ግቢ ውስጥ ትቆለፋለች፤ ቁልፉ ከወገቡ አይወርድም። እንደ ልጅ ነው የሚይዛት። ያለፈው ሳምንት እሁድ እንኳን የፍሬን ዘይቷን ሙሉ በሙሉ ቀየረላት፤ አዲስ፣ ከጓንቴ የተገዛ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አነሳች። «ጓንቴ ማን ነው?»

---

ጓንቴ የሚባሉት ሽማግሌ መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ክረምት ከበጋ የጎማ ጓንት ከእጃቸው ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣላቸው። መርማሪዋ መታወቂያዋን ስታሳያቸው በጓንታቸው ጫፍ ይዘው እስከ ጀርባው አነበቡት።

«ለሰማያዊዋ መኪና የፍሬን ዘይት ሸጠዋል?»

«ሸጫለሁ። ዶት ፎር። የታሸገ።»

«አሮጌ መኪና ናት። የማይሆናት ዘይት ሸጠውላት ቢሆንስ?»

ሽማግሌው እንደተሰደቡ ሁሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይሄን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም። ነይ ወዲህ።» ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ አወረዱ። «የመኪናዋ መጽሐፍ ዶት ስሪ ይላል። ዶት ፎር ከሱ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ቢቀላቀል አይጣላም፤ ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ይችላል። ያን ነው የሰጠሁት። ይቺን ወይን ጠጇን ታያለሽ? ዶት ፋይቭ። አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ‹እሷን ስጠኝ፣ ቀለም አትበላም› ይለኛል። እውነት ነው፣ አትበላም። ግን ከነዚህ ጋር አትስማማም። የድሮው ተጠራርጎ ካልወጣ በቀር እጄ አያስገባትም።»

«የሞተር ዘይት ቢሆንስ? አንዳንድ ሰው ካጣ…»

«አንዳንድ ሰው ካጣ ብዙ ነገር ያደርጋል። የሞተር ዘይት የገባበት ፍሬን ጎሚኒው፣ ማለት ላስቲኩ፣ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ ነው የሚያብጠው። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢረግጠው አይሠራም።»

«ይሄ ግን ይሠራል።»

«እንግዲያው እሱ አይደለማ። አሳይኝ።»

በጣቢያው ግቢ ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ረጅም ጊዜ አጎነበሱ። ዘይቱ ወይን ጠጅ አልነበረም። የሚንሳፈፍ ነገር የለበትም። የሚፈስም የለም። አንዱን ጎማ አውልቀው ላስቲኩን በጣታቸው ጫፍ ነካኩት፤ አላበጠም። ጎማውን ጨብጦ የሚይዘው የፍሬን ሸራም ገና አላለቀም።

«ጤነኛ ናት» አሉ።

መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ሾፌሩ ውሸታም ነው። «በቃ ማለት ነው?» አለች መርማሪዋ።

ሽማግሌው ጓንታቸውን እያጠለቁ፣ «ሰውየው ምን ነበር ያለሽ? ግማሽ ላይ ለሰለሰ?» አሉ።

«አዎ። ከዚያ እስከ ወለሉ ገባ።»

«እናንተ ስትረግጡት ደግሞ ቆማ፣ ቀዝቅዛ ነበር።»

«ግማሽ ሰዓት ቆማለች።»

«ነገ ረፋድ ላይ ነይ። ከዚችው መኪና በብልቃጥ ቀድቼ እወስዳለሁ። አንድ ነገር ማፍላት አለብን።»

---

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊውን ከቤቱ አገኘችው። እጁ በጀሶ ታሽጎ ትራስ ላይ ተቀምጧል።

«ሰኞ ሱቅ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምን ልሠራ፣ ያንን ቬሎ! በሦስት ሰዓት ጋዜጣ ልገዛ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ጥልፉ አስቸግሮኝ ቀረሁ። ወጥቼ ቢሆን ኖሮ እጄም አይሰበርም ነበር። ዕድሌ ነው።»

«እውነት ሊገድለኝ ነው ብለው ያምናሉ?»

ልብስ ሰፊው ጀሶውን አየ። «ባላምን ደስ ይለኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ግን መሪውን ሲያዞር አይቼዋለሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ምን ልበልሽ?»

ከዚያ ወጥታ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ቁልቁለቱ ሥር ቆመች። በዚያ ሰዓት ቦታው ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጋ ነው እንጂ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወደ ግራ ዞር ብላ አየች። ትናንት ባዶ የነበረው መንገድ በሰው ተሞልቷል። ጥግ ላይ ያለው ክሊኒክ ገና በሩን አልከፈተም፤ ጨቅላ የታቀፉ እናቶች ለክትባት ተሰልፈዋል፤ የእግረኛው መንገድ አልበቃቸው ብሎ አስፋልቱ ላይ ወርደዋል። ቆጠረች። አርባ ሁለት እናቶች፤ መንታ የያዘችም አለች።

ትራፊኩ ጋ ደወለች። «ሰኞም እንዲህ ነበሩ?»

«በየቀኑ ናቸው። እኔ ስደርስ ግን ደንግጠው ግቢው ውስጥ ገብተው ነበር፤ መንገዱ ባዶ ስለነበር አላሰብኳቸውም።»

«አንዷን እንኳን ጠይቀሃል?»

«ፊታቸው ወደ በሩ ነበር» አለ ትራፊኩ። «ምንም አላዩም ብዬ…»

---

ጓንቴ ጋራዡ ደጃፍ ላይ አሸዋ የሞላ የብረት መጥበሻ ጥደዋል። አሸዋው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ጣሳዎች ቀብረዋል፤ በየጣሳው ቴርሞሜትር ቆሟል።

«ይሄ ከታሸገ ጠርሙስ አሁን የከፈትኩት ነው። ለሰውየው ከሸጥኩት ካርቶን። ይሄ ደግሞ ከመኪናዋ። ራቅ በይ፣ ጭሱ አይመችም።»

ቆሙ። መቶ። መቶ ሃያ። ሁለቱም ጸጥ ብለዋል። መርማሪዋ የቤቷን ምድጃ አጥፍታ መውጣት አለመውጣቷን ማሰብ ጀመረች። መቶ አርባ ሊሆን ሲል ከመኪናዋ የመጣው ጣሳ ከሥሩ ትንሽ አረፋ ላከ። ሌላ ደገመ። ከዚያ እንደ ውሃ ተንደቀደቀ። ያኛው መቶ ሰማንያ ደረሰ፣ ሁለት መቶ አለፈ፤ ጸጥ እንዳለ ነው።

ሽማግሌው እሳቱን አጠፉ። «ውሃ ጠጥቷል። የዚህ ዘይት ጠባዩ ነው፤ እርጥበት ካገኘ ይጠጣል። ሰውየው ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ይዞ ወረደ፤ ጋለ። ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ፈላ፤ አረፋ ሆነ። ፈሳሽ ስትረግጪው ይገፋል፤ አረፋ ስትረግጪው ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ገባ።»

«ሲቀዘቅዝስ?»

«አረፋው መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፖሊስ መጥቶ ሲረግጠው ይሠራል።»

«አልዋሸም» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው አልዋሸም!» ሽማግሌውን ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት።

«ቆይ ልጄ፣ ሌላ ነገር አለ። እርጥበት ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል። ይሄ ስምንት ቀኑ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በስምንት ቀን ከየት መጣ?»

«ሰው ጨምሮበት?»

«እኔ አላውቅም። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።»

ደስታዋ ባንዴ ወደ ፍርሃት ተቀየረ። ሾፌሩ ገዳይ ካልሆነ፣ ሊገደል የታሰበው እሱ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ጣቢያ ተመልሳ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ዘይቱን ሲቀይሩ ማን ነበር?»

«ማንም። እሁድ ነው፤ ግቢው ባዶ ነበር።»

«ጠርሙሱን ራስዎ ከፈቱት?»

«ተከፍቶ ነበር። ስገዛው ልቀይር ከፍቼ ዝናብ መጣብኝ፣ ተውኩት። ለባለቤቴ ሰጠኋት፣ አስቀመጠችልኝ። እሁድ ከሰጠችኝ ጠርሙስ ነው የሞላሁት።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የተተኮሱት ሸሚዞች ዓይኗ ላይ መጡ። አይሆንም፣ አለች በልቧ። እሷ አትሆንም።

---

ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከበር ጀምሮ እንፋሎት ነው። የሾፌሩ ሚስት ከትልቁ ቦይለር አጠገብ እጅጌዋን ሰብስባ የአንሶላ ክምር ትለያለች። ግድግዳው ላይ ውሃ ይወርዳል። መርማሪዋ ደብተሯን ይዛ ቆመች፤ እንዴት እንደምትጀምር ጨነቃት።

«የኔ እህት፣ የፍሬን ዘይቱን የት ነበር ያስቀመጡት?»

«እዚሁ» አለች ሴትየዋ ምንም ሳትደነግጥ። «ከሁሉ ንጹሕ ቦታ።» ከቦይለሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ በነጭ ስስ ጨርቅ የተሸፈኑ ሰፋፊ የኤናሜል ሳህኖች ተደርድረዋል።

«እነዚያ ምንድን ናቸው?»

«ስታርች፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ልብስ ማለስለሻ። እኛ ቤት ከፋብሪካ የመጣ ነገር ዝም ብሎ አይገባም። ይጠለላል፤ ከዚያ ሞቅ ያለ ቦታ ያርፋል። ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥሩው ከላይ ይቀዳል። አንድ ነጠብጣብ ያለው ስታርች መቶ ሸሚዝ ያበላሻል እኮ። ዘይቱም ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቀመጥ ጉድፍ ገብቶበት አየሁ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ መኪናዋ ውስጥ ይግባ? አልኩ። አጠለልኩት፤ አሳረፍኩት።»

«በሳህን?»

«በሳህን።»

«እዚያ ላይ? ስንት ቀን?»

«አሥር ቀን። ከዚያ አዲስ ጠርሙስ አጥቤ፣ ጠርሙሱን ራሱን በብረት ምጣድ አድርቄ፣ ቀድቼ ሰጠሁት። እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ነበር። እሱም ‹አንቺ ሴት እጅሽ የተባረከ ነው› አለኝ።»

መርማሪዋ መጻፍ ፈልጋ ደብተሯን ገለጠች። ገጹ ከእጇ ጋር ተጣብቆ መጣ። ከገባች ሩብ ሰዓት አልሞላትም፤ ወረቀቱ ግን እንደ ራሰ ጨርቅ ልፍስፍስ ብሏል፤ ብዕሯ ሲነካው ቀለሙ ተስፋፋ። ደብተሩን ለሴትየዋ አሳየቻት።

«ይህን ይዩት። ስገባ ደረቅ ነበር።»

«እንፋሎቱ ነው። እዚህ ወረቀት አይበረክትም።»

«ያ ዘይትም እንደዚህ ነው። እርጥበት ይጠጣል። አሥር ቀን አፉን ከፍቶ እንፋሎት ላይ ተቀመጠ።» ስለ ጣሳዎቹ፣ ስለ አረፋው፣ ስለ ፔዳሉ ነገረቻት። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ሴትየዋ የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው። ቀስ ብላ የእቃ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ?» አለች። «ባሌን ያሳሰርኩት፣ የወንድሜን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ? በገዛ እጄ?»

«አላወቁም።»

«እንዲጠራልኝ ብዬ እኮ ነው! እሱን ፍቺውና እኔን ውሰጂኝ። አሁኑኑ። ፎጣዬን ላምጣ።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። እሷም ልጇ ሲያስነጥሰው ሦስት ሹራብ ደራርባ አልብሳ፣ በሙቀት አሳምማው ታውቃለች። ያንን ነገረቻት። ሴትየዋ እያለቀሰች፣ «ሦስት ሹራብ?» አለች። «ምን ነካሽ? አንድ ይበቃል።»

---

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አለቃዋ የጓንቴን ጽሑፍ፣ የትራፊኩን አዲስ ቃል፣ የሦስት እናቶችን ምስክርነት አነበበ። «የወንጀል ሐሳብ የለም» ብሎ ፈረመ። «መሪውን ለምን እንዳዞረ ግን ሾፌሩ ራሱ ይናገር። የተጎዳው ሰው ደግሞ ይስማ። በተጎዳው ሰው ቃል ነው የምንዘጋው።»

በግቢው ጓንቴ የመኪናዋን አሮጌ ዘይት እስከ መጨረሻው ጠብታ አውጥተው፣ ከታሸገ ጠርሙስ አዲስ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ተርፏል።

«እሱንስ የት ላስቀምጠው?» አለች የሾፌሩ ሚስት።

«የትም። ከተከፈተ በኋላ ለፍሬን አይቀመጥም፤ አስወግጂው።»

«ጥሩ ዕቃ?»

«ጥሩ ዕቃ።»

ሴትየዋ ጠርሙሱን እያየች አንገቷን ነቀነቀች፤ ያመነች አትመስልም።

ሱቁ ፊት ላይ ሸራ ተወጥሯል። ልብስ ሰፊው በተረፈው ወንበር ላይ፣ በተረፈው እጁ ከጨርቅ ላይ መስታወት ይለቅማል። አራቱም ሲገቡ፣ መርማሪዋ፣ ትራፊኩ፣ እህቱ፣ ከኋላ ደግሞ ኮፍያውን የያዘው ሾፌር፣ ቀና አላለም። መርማሪዋ ሁሉንም ነገረችው። እህቱ የሠራችውን ሲሰማ ብቻ ነው ያያት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ዘይት አጠለልሽ?»

«አዎ።»

«ድሮም ልጅ ሆነሽ የመጠጥ ውሃ ሁለቴ ታጥቢ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ በአገጩ አመለከተ። «እሺ፣ ፍሬኑ ይሁን። ፍሬን ግን መሪ አያዞርም። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ለምን ወደኔ?»

ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ኮፍያው መለሰ።

«በግራው መንገድ እናቶች ተሰልፈው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ጨቅላ የያዙ። ማክሰኞ አርባ ሁለት ቆጥሬያለሁ።»

ልብስ ሰፊው ይህን አላሰበውም ነበር። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ይሁን፤ እነሱን አዳነ። ደግ አደረገ። እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንተ አልነበርክማ» አለ ሾፌሩ።

«ምን?»

«በሦስት ሰዓት ጋዜጣ ልትገዛ ትወጣለህ። መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ በሩን ገርበብ አድርገህ። ሩብ ሲሆን እያነበብክ ትመለሳለህ፤ አንድ ቀን ከምሰሶ ልትጋጭ ነበር። ሱቁ ባዶ ነው ብዬ ነው ያዞርኩት። መስታወቱ ሲቀርብ ነው ያየሁህ። ያኔ ደግሞ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ይህን እንዴት አወቅህ?»

ሾፌሩ ኮፍያውን አገላበጠ። «ታችኛው መንገድ የሚወጣው ሱቅህ ፊት ለፊት ነው፤ ስመላለስ በዚህ ነው የማልፈው። አይሃለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«እሁድ አልሠራም።»

«ታዲያ ይህን ለኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለች መርማሪዋ። «በመግደል ሙከራ ሊከሰሱ እኮ ነበር!»

«ምን ልበል? የተኮራረፍኩትን ሰውዬ በየቀኑ እያየሁት አልፋለሁ ልበል? ለፖሊስ?» እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ትራፊኩ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ተነሥቶ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሁለት ዓመት» አለ። «አንድ ቀን መኪናህን አቁመህ በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት?»

«አንተስ አንድ ቀን ከፍተህ ‹ግባ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ልብስ ሰፊው በሩ የነበረበትን ቦታ፣ ከበሩ ጋር አብሮ የሄደውን ግድግዳ፣ በሸራው ቀዳዳ የሚገባውን ፀሐይ አንድ በአንድ አየ።

«እንግዲህ ገብተሃል» አለና ጎኑ ያለውን የእንጨት ሳጥን በእግሩ ወደ ሾፌሩ ገፋው። «ተቀመጥ።»